ወንዙ ውስጥ የቆመችው ወፍራም ሴት

ክረምት ወንዝ ሲሞላ መንገደኛ ተያይዞ ይሻገራል፤ ውሃው በሚመጣበት በኩል ከሁሉ የከበደው ሰው ይቆማል። አንድ ቀን እዚያ የቆመች አንዲት ወፍራም ሴት የማታውቃቸውን መንገደኞች ሁሉ አሻገረች። እነሱም ልብሳቸውን ጨምቀው ሄዱ፤ ያመሰገናት የለም።

ሴትዮዋ ገና ከውሃው ሳትወጣ ፊታውራሪ አምባዬ በበቅሎ ደረሱ።

«ይቺ ሴት ናት ወይስ ጎተራ?» ብለው ክንዷን፣ ሆዷን፣ ዳሌዋን በአለንጋቸው እያመለከቱ ሳቁ። አሽከሮቻቸውም ሳቁ።

እየሳቁም ከእሷ በላይ በኩል ወደ ወንዙ ገቡ። መሐል ላይ በቅሏቸውን አዳለጣትና ጣለቻቸው። ውሃው እያንከባለለ ወደ ሴትዮዋ አመጣቸው።

«አንቺ፣ ያዢኝ! ያዢኝ እንጂ!» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋችላቸው።

«ይያዙኝ፣ ጌታዬ» አለች። «ያልሳቁበት አካል የለኝምና፣ የሳቁበትን ጠበቅ አድርገው ይያዙ።»