ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ፎቶ

እስቲ ጠጋ በሉና የትርሲትን ነገር ላውጋችሁ። ትርሲት ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አላት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረየስና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፌ መጡ።

«ልጄ፣ ቤታችን ለመንገድ ሥራ ነገ ጠዋት ይፈርሳል» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «አርባ ሁለት ዓመት ስንኖርበት በራፉ ላይ ሁለታችን ብቻ የተነሳነው ፎቶ የለንም። ሁልጊዜ ሰው ይገባብናል። እባክሽ አንድ አንሺን፤ እኛ ብቻ ያለንበት።»

«አነሳችኋለሁ» አለች ትርሲት። ካሜራዋን፣ ማቆሚያዋንና ላፕቶፗን ይዛ ተከተለቻቸው።

የቤቱ በር ደረጃ ላይ ግን ሎተሪ አዟሪው ጋሽ ተካ፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ተቀምጠዋል። ትርሲት አሰበች፦ አላፊ አግዳሚውን በኋላ ከፎቶው ላይ ታጠፋዋለች፤ የማይነቃነቅ ሰው ግን ከኋላው ያለውን በር እንደደበቀ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ለአፍታ ይነሱልኝ።»

«በባዶ እግሬ የት ልሂድ? አንዱ ጫማዬ ጉግሳ ጋ ነው። ካልመለሰልኝ አልነሳም!»

ወደ ሊስትሮው ወደ ጉግሳ ሄደች። «ጉግሳ፣ ጫማውን መልስ። ጫማ ካልተመለሰ ጋሽ ተካ አይነሱም፣ ጋሽ ተካ ካልተነሱ ፎቶ አይነሳም።»

«ግማሹን ቀብቼ ቀለም አለቀብኝ። እንዲህ አድርጌማ አልመልስም፣ ስሜ ይጠፋል! ሐጂ ኑርዬ ቀለም ይስጡኝ።»

ወደ ባለሱቁ ወደ ሐጂ ኑርዬ ሄደች። «ሐጂ፣ ቀለም ይስጡን። ቀለም ከሌለ ጫማ አይመለስም፣ ጫማ ካልተመለሰ ጋሽ ተካ አይነሱም፣ ጋሽ ተካ ካልተነሱ ፎቶ አይነሳም።»

«ሱቁን በየት በኩል ልክፈተው? የይመር ጋሪ መዝጊያው ላይ ተለጥፏል!»

ወደ ባለጋሪው ወደ ይመር ዞረች። «ይመር፣ ጋሪህን አንሳ። ጋሪ ካልተነሳ ሱቅ አይከፈትም፣ ሱቅ ካልተከፈተ ቀለም የለም፣ ቀለም ከሌለ ጫማ አይመለስም፣ ጫማ ካልተመለሰ ጋሽ ተካ አይነሱም፣ ጋሽ ተካ ካልተነሱ ፎቶ አይነሳም።»

«እኔ መች ጠላሁ? ፈረሱ ነው እንቢ ያለው። ውሃ ካልጠጣ አንድ እርምጃ አይራመድም፤ ቦኖው ደግሞ ተዘግቷል።»

ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች። ትርሲት ጥርሷን ነክሳ ወደ ቦኖው ሄደች። ጠባቂዋ እትዬ ሙሉነሽ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ቦኖውን ይክፈቱልኝ! ቦኖ ካልተከፈተ ፈረስ አይጠጣም፣ ፈረስ ካልጠጣ ጋሪ አይነሳም፣ ጋሪ ካልተነሳ ሱቅ አይከፈትም፣ ሱቅ ካልተከፈተ ቀለም የለም፣ ቀለም ከሌለ ጫማ አይመለስም፣ ጫማ ካልተመለሰ ጋሽ ተካ አይነሱም፣ ጋሽ ተካ ካልተነሱ ፎቶ አይነሳም!»

«ሰዓቱ ገና ነው» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። ከዚያ ካሜራዋን አዩና ስልካቸውን አወጡ። «ይቺ ያረፈችው እህቴ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ አላውቀውም፤ እሷን ልይ ስል ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል። እሱን አጥፊልኝ፣ እኔም እከፍትልሻለሁ።»

ትርሲት ፎቶውን ወደ ላፕቶፗ ገልብጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው ከእህትየዋ ትከሻ ጋር ተጣብቋል፤ በአንዴ ቢነሳ ትከሻዋም አብሮ ሊሄድ ነው። ከኋላቸው ከሚታየው አጥር ትንሽ ትንሽ እየቀዳች፣ የእህትየዋን ነጠላ ጠርዝ እየተከተለች ሸፈነችው። አንዴ ተበላሸባት፤ አጥፍታ እንደገና ጀመረች። ጣቶቿ ደነዘዙ፣ እሷ ግን አልተወችም።

እትዬ ሙሉነሽ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ብቻዋን መጣችልኝ» አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

ቦኖው ተከፈተ፣ ፈረሱ ጠጣ። ፈረሱ ጠጣ፣ ጋሪው ተነሳ። ጋሪው ተነሳ፣ ሱቁ ተከፈተ። ሱቁ ተከፈተ፣ ቀለም ተገኘ። ቀለም ተገኘ፣ ጫማው ተመለሰ። ጫማው ተመለሰ፣ ጋሽ ተካ ተነሱ!

የመንገዱ ሰው ግን መች ያልቃል? ትርሲት ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አጠበቀችና ባልና ሚስቱን በራፉ ላይ አቁማ «እንዳትነቃነቁ!» አለቻቸው። ሰባት ጊዜ አነሳች። በአንዱ በግራ ሰው ያልፋል፣ በሌላው በቀኝ። ፎቶ ቤቷ ገብታ ከአንዱ ፎቶ ባዶውን ግድግዳ ወደ ሌላው እያመጣች፣ አላፊ አግዳሚውን አንድ በአንድ አወጣች። ሲመሻሽ አትማ ሰጠቻቸው።

«እኛ ብቻ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

አቶ ገብረየስ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የሚስታቸውን እጅ አጥብቀው ይዘው እንደነበር ያወቁት ገና አሁን፣ ፎቶው ላይ ሲያዩት ነው።