አያ ጅቦ አጥር ሲከረክም

«አንድ ጊዜ ብቻ!» አለ አያ ጅቦ፣ አንገቱን በአጋሙ አጥር ሥር አስግጎ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልቅመስሽና ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም።»

«አንድ ጊዜ ከቀመስከኝማ፣ ሁለተኛ ማንን ብለህ ትመጣለህ?» አለች እመት አህያ ከአጥሩ ወዲያ።

አያ ጅቦ አሰበ። ጥያቄው ከበደው። ስለዚህ ማሰቡን ትቶ ገፋ አደረገ። የአጋሙ እሾህ ትከሻውን ያዘው። ደስ አለው። ትናንት የያዘው ጆሮው ላይ ነበር። ትከሻ ከገባ ወገብ ይከተላል፣ ወገብ ከገባ እመት አህያ እራት ናት።

ቤቷ አስፋልቱ ከሚያልቅበት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። እመት አህያ አጋሙን በግቢዋ ዙሪያ የተከለችው ገና ውርንጭላ ሳለች ነበር። አጋም ደግ ተክል ነው፤ በጋ ከክረምት ቅጠሉ አይረግፍም፣ እሾሁ አይተኛም። ግን እመት አህያ ሆደ ባሻ ነበረች። አንድ ቅርንጫፍ እንኳ እንዲቆረጥባት አትፈልግም። «ይደግ፣ ምን አደረገ» ትላለች። አጋሙም አደገ። ጫፉ ጣሪያ ላይ ደረሰ፣ ፀሐዩን ሁሉ ለብቻው ጠጣ። ሥሩ ጥላ ውስጥ ቀረና ቅጠሉን ጣለ። ከላይ ጫካ፣ ከታች ቅልጥም የመሰለ ባዶ ግንድ።

ለአያ ጅቦ በዓለም ላይ ከዚህ የሚያምር አጥር አልነበረም።

እመት አህያ ስህተቷን የተረዳችው የአያ ጅቦ ትንፋሽ ሰኮናዋን ማሞቅ ሲጀምር ነው። ጫፉ ቢቆረጥ ኖሮ ሥሩ ቅጠል ያወጣ ነበር። አሁን ግን ማን ይቁረጠው? በሰኮና አጥር አይከረከምም።

አያ ጅቦም የራሱ ችግር ነበረበት። በሩ ብረት ነው፤ አንድ ቀን ነክሶት ጥርሱን አጉድሎ ተመልሷል። ቀን ቀን ደግሞ መንገዱ የውሾች ነው። ያለው መንገድ የአጋሙ ሥር ብቻ ነበር። ሰማዩ ለንጋት ሲቀላ ውሾቹ መጮህ ጀመሩ። አያ ጅቦ ትከሻውን ከእሾሁ ነቅሎ ሄደ።

*

ቀበሮ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ሥራው መንገድ ዳር ተቀምጦ ላላፊ አግዳሚው መምከር ነው። ጆሮው ላይ አንዲት ነጭ የአጋም አበባ ተሰክታለች። አያ ጅቦ አበባዋን አያት፤ ከየት እንደመጣች ግን አልጠየቀም። የማይበላ ነገር ትኩረቱን አይስበውም።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ጆሮህ ተቀዳዶ የስኳር መጠቅለያ መሰለ?»

«አጥሩ ነው። ግድ የለም፣ በሥሩ እየገባሁለት ነው። ትከሻዬ አልፏል።»

«ሆድህስ?»

አያ ጅቦ ሆዱን አየ። ስለ ሆዱ አስቦ አያውቅም። ሆዱ ነበር ስለ እሱ የሚያስበው።

«ሆድህማ መሃል ላይ ይቀረቀራል» አለ ቀበሮ። «ፊትህ ግቢ ውስጥ፣ ኋላህ መንገድ ላይ። ውሾቹ የት ናቸው?»

«መንገድ ላይ።»

«እንግዲህ አንተው አስበው።»

አያ ጅቦ አሰበው። ጭራው በራሷ ፈቃድ እግሮቹ መሃል ገባች። «ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«አጥሩን ግደለው። የአጋም ነፍስ የት ያለች ይመስልሃል?»

«ሥሩ ላይ።»

«ሞኝ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ጫፉ ላይ ናት። ካላመንከኝ እሷኑ ሂድና ጠይቃት። ጫፉን ልቆርጠው ነው በላትና ድምጿን ስማ።»

*

ፀሐይ ጠልቃ ውሾቹ ሲገቡ አያ ጅቦ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር።

«እመት አህያ! ጫፉን ልቆርጠው ነው!»

ቀጥሎ ሰፈሩን የቀሰቀሰ ማናፋት መጣ።

«ኡኡ! የጎረቤት ያለህ! አያ ጅቦ፣ በእናትህ፣ ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፣ ጫፉን ብቻ አትንካብኝ!»

አያ ጅቦ ልቡ በደስታ ሞቀች። እውነት ነበር እንግዲህ! በኋላ እግሮቹ ቆሞ ቅርንጫፉን ጎትቶ ነከሰው። የጭን አጥንት እንደ ሸንኮራ የሚሰብር መንጋጋ ነውና ቅርንጫፉ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። ነጭ ወተቱ ምላሱ ላይ መረረ፣ እሾሁ ድዱን ወጋው። አያ ጅቦ ግን ለእራቱ ሲል የማይችለው ነገር የለም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ወይኔ አጋሜ! እስከ የት ቆረጥከው?»

«እስከ አናቴ!»

«በቃ፣ ከዚያ በታች እንዳትወርድ!» አለች እመት አህያ። ደግሞ ደንገጥ ብላ፣ «ማለቴ... ጨካኝ! እስከ አናትህ ድረስ? አንጀትህ እንዴት ቻለልህ?»

«ገና ምኑ ተያዘ!»

«በጓሮ በኩል ያለውን እንኳ ማርልኝ። እሱን ካጣሁ ምን ቀረኝ?»

አያ ጅቦ በጓሮ በኩል አጥር መኖሩን ረስቶት ነበር። ስላስታወሰችው በልቡ አመሰገናትና ዞሮ ሄደ። ቀጭ፣ ቀጭ። ሲመለስ ላቡ ይንጠባጠባል።

«አሁንስ ጠገብክ?» አለች እመት አህያ በለቅሶ ድምፅ። «አደራህን፣ ሥሩ ላይ ያለውን ሣር እንዳትነቅልብኝ። አፈሩንም እንዳትቆፍርብኝ። ጠንክሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል፣ እንዲያው ዝም ብለህ ተወው።»

ሣሩን ነቀለ። አፈሩን ጫረው፣ ገለበጠው፣ አለሰለሰው።

«ምን በደልኩህ? ብቻ ያንን የምትበላውን አጥንት አምጥተህ ሥሩ ላይ እንዳትደፋብኝ። ሽታውን አልችለውም፤ ሽታው ይገድለኛል።»

በማግስቱ አያ ጅቦ ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሻውን ጠረገ። ከእናቱ የወረሰው አጥንት ሳይቀር፣ የዋሻውን ጥራጊ ሁሉ ሌሊቱን እየተመላለሰ አጋሙ ሥር ደፋው። እመት አህያ ከወዲያ በኩል «ሞትኩ! ታፈንኩ!» ትላለች። አያ ጅቦ አንዳንዴ ሳቅ ሳቅ የሚል ነገር የሰማ ይመስለዋል። ሞት ሲቀርብ ሁሉም የሚያደርገው ነገር ይሆናል ብሎ አለፈው።

ቀበሮ ሊያይ መጣ። አጥሩን ዞረው፣ አንዱን ቅርንጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«እጅህን አይንሳኝ። አሁን ክረምቱን ታገሥ። ዝናቡ ይምታው፣ ይበስብስ። መስከረም ሲጠባ በባዶ ሜዳ ትገባለህ።»

«ዛሬ አይሆንም?»

«የተቆረጠ ነገር ጊዜ ይፈልጋል» አለ ቀበሮ። ይህን ሲል እንኳ አልዋሸም።

*

ክረምት። ዝናብ። አያ ጅቦ ንጹሕ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ ከየት እንደሚጀምር ያስባል። ከጭኗ? ከጎድኗ? ጆሮዎቿን ለመጨረሻ ያቆያቸዋል። የሚልሰው አጥንት እንኳ አልነበረውም፤ ሁሉም አጋሙ ሥር ነው። ሆዱ እየሟሸሸ ሄደ። አያ ጅቦ በዚህም ተደሰተ። መሃል ላይ የመቀርቀር ነገር ቀረለት።

መስከረም ጠባ። አያ ጅቦ ውሾቹ ሳይነቁ ማልዶ መጣ።

መጀመሪያ ያያት እመት አህያን ነበር። አጥሩ አጥሯል፤ ባጠረው ላይ ጆሮዎቿ፣ አንገቷ፣ በክረምቱ ሣር የደለበው ጀርባዋ ይታያሉ። ከዚያ በፊት እንደዚህ አይቷት አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። አጥሩን ሳያይ ተወረወረ።

አጥሩ መለሰው።

እንደገና ሞከረ። በሥሩ፣ በዚያ በለመደው በኩል። ባዶው ግንድ የለም። ከአፈሩ ጀምሮ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ እሾህ በእሾህ ላይ ነው። አንድ በቆረጠበት ሦስት አቆጥቁጧል። ትከሻው ይገባበት በነበረው ቦታ ጢሙ እንኳ አልገባ አለ። ወደ ጓሮ ሮጠ። ጓሮውንም በደንብ ነበር የሠራው።

«እመት አህያ» አለ እያለከለከ፣ «ይህ አጥር አልሞተም እንዴ?»

«እኔንም ገርሞኛል። ምን አድርገኸው ነበር?»

«ቆረጥኩት። ቆፈርኩት። አጥንት ደፋሁበት።»

«እንዲያም ሆኖ አልሞተም? ወይ ጉድ!»

ከእመት አህያ ጎን ሌላ ጭንቅላት ብቅ አለ። አፉ በአጋም ፍሬ ጠቁሯል።

«ዘንድሮ ፍሬው አነስ ብሏል» አለ ቀበሮ እያኘከ። «ከጫፉ ጋር አበባውንም አንስተኸዋል። ግድ የለም፣ ለከርሞ ይክሳል።»

«አንተ! በየት ገባህ?»

«በበሩ።»

«በሩ ብረት ነው!»

«አንኳኳሁ።»

ለአያ ጅቦ ስለ ማንኳኳት ማንም ነግሮት አያውቅም። ወደ በሩ ዞረ፣ ጥፍሩን ሰብስቦ በቀስታ ኳ ኳ አደረገ።

«ማነው?»

ድምፁን አለሰለሰ። «አትክልተኛው ነኝ።»

ከውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ። የታፈነ ሳቅም ነበረበት።

«ምን ፈልገህ ነው፣ አትክልተኛው?»

«ያን ሁሉ ለፍቼ ምሳ እንኳ አይቀርብልኝም?»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለች እመት አህያ። «የሠራ አፉን ሳያብስ አይሄድም።»

ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨ። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ፤ ሰንሰለቱ ከዚያ በላይ አይለቅም። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። የሆነ ነገር ምላሱ ላይ ተቀመጠለት። ደረቅ ነው። ጠንካራ ነው። የአፈር ጣዕም አለው። ዓይኑን ገልጦ አውጥቶ አየው።

ያ ከእናቱ የወረሰው አጥንት ነበር። የራሱ ጥርስ ምልክቶች አሉበት።

«ለአጋሙ ተርፎት ነው» አለች እመት አህያ በቀዳዳው በኩል። «ግንቦት ላይ ብቅ በል እንግዲህ፣ ጫፉ መርዘሙ አይቀርም።»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሊበላን የመጣን ሁሉ ተጣድፎ ማባረር ተገቢ እንዳልሆነ ነው፣ በተለይ አጥራችን ሳይከረከም ከርሞ ከሆነ።