ሺህ ደቂቃ ለአንዲት እልልታ

ተረት ልበል? በሉ መልሱልኝ። ዝም ካላችሁ ጉሙ ይመልስልኛል፤ የእሱ መልስ ደግሞ ደስ አይልም።

እትዬ ትርንጎ የሚሏት መበለት ነበረች። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጇን ከወንዝ ማዶ ድራለች። አንድ ማለዳ "ስንዱን ምጥ ይዟታል" የሚል መልእክት ደረሳት። መልእክተኛው እንደተሻገረ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ። እትዬ ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ስትገላገል እልልታውን መስማት። ሰባት ከሆነ ወንድ፣ ሦስት ከሆነ ሴት። ጭራሽ ዝም ከሆነስ? እሱን ልታስበው አልደፈረችም።

ስለዚህ በዕድሜዋ የመጀመሪያውን ስልክ ልትገዛ ጓንጉል ሱቅ ሄደች።

"ጥቅሉስ የትኛው ይሁንልዎ፣ እትዬ? የሳምንት አሥር ደቂቃ አለ፣ የወር ሺህ ደቂቃም አለ" አላት ጓንጉል።

አሥሩ ይበቃታል፣ ይተርፋታልም። ግን ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። ትንሿን ብትል ቆጥቋጣ የሚሏት መሰላትና ይሉኝታ ያዛት። "ትልቁን" አለች። አይ ይሉኝታ! እኔንም ስንት ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል።

ደጅ ወጥታ የስንዱን አማት ቁጥር ብትነካ ስልኩ ዝም አለ።

"ስልክ ሆይ ደውልልኝ፤ እልልታውን ልስማ" አለችው።

"ውስጤ ያለው ሲም ካርድ አልቀሰቅስህ ብሎኛል" አላት ስልኩ። የመጀመሪያዋ ስለሆነ፣ ስልክ ሁሉ እንዲህ የሚመልስ መሰላት።

"ካርድ ሆይ፣ ስልኩን ቀስቅሰው። ስልኩ አልደውል አለ፣ እኔም እልልታውን አልሰማሁ።"

"የኔትወርክ ማማው አልጠራኝም" አለ ካርዱ፣ ከውስጥ፣ በቀጭን ድምፅ።

ማማው ያለው ከኮረብታው አናት ነው። እያለከለከች ወጣች። "ማማ ሆይ፣ ካርዱን ጥራው። ካርዱ ስልኩን አልቀሰቅስ አለ፣ ስልኩ አልደውል አለ፣ እኔም እልልታውን አልሰማሁ።"

ብረቱ ሲጥጥ አለ። "ጉሙ አንገቴን አንቆኛል" አላት።

"ጉም ሆይ፣ ማማውን ልቀቀው። ማማው ካርዱን አልጠራ አለ፣ ካርዱ ስልኩን አልቀሰቅስ አለ፣ ስልኩ አልደውል አለ፣ እኔም እልልታውን አልሰማሁ።"

"ሆዴ ውስጥ የገቡት አልወጣ ብለውኝ ነው" አለ ጉሙ። "ስሚያቸው እስቲ።"

ጆሮዋን ሰጠች። ጉሙ ውስጥ ሰዎች ያንሾካሹካሉ። ብዙ ናቸው፣ የሁሉም ድምፅ ግን አንድ ነው፤ የራሷ የትርንጎ ድምፅ። 

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

"አንቺ የገዛሽን ደቂቃዎች ነን። አሥር ይበቃሽ ነበር፤ ሌሎቻችንን የሚናገረን የለም። ያልተነገረ ደቂቃ ወዴት ይሂድ? ሻጩ መልሶ ካልወሰደን ከዚህ ንቅንቅ አንልም።"

ቁልቁል ሮጠች። ጉሙም እግር በእግር ተከተላትና አብሯት ሱቁ ገባ።

"ጓንጉል ልጄ፣ ደቂቃዎቹን መልሰህ ውሰዳቸው። ደቂቃዎቹ ከጉሙ አልወጣ አሉ፣ ጉሙ ማማውን አልለቅ አለ፣ ማማው ካርዱን አልጠራ አለ፣ ካርዱ ስልኩን አልቀሰቅስ አለ፣ ስልኩ አልደውል አለ፣ እኔም እልልታውን አልሰማሁ።"

ጓንጉል ፊቱ አመድ መሰለ። "ትልቁን ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በራስዎ አፍ ትንሿን ካላሉኝ አልቀይርም።"

ዞር ብላ አየች። ሰልፈኛው እንዳለ ነው፤ ሹክሹክታውን ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንዷ ድምፅ ሹክሹክታዋን ተወችና ሙሾ ማውጣት ጀመረች። በትርንጎ ድምፅ "ወይኔ ልጄን!" አለች።

"ትንሿን!" ብላ ጮኸች እትዬ ትርንጎ። "ትንሿን ስጠኝ! አቅሜም አይችልም፣ የማወራውም አንድ ሰው ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ይበቃኛል!"

ጓንጉል ጥቅሉን ቀየረ። ሲቀይረው ደቂቃዎቹ ከጉሙ ወጡ፣ ጉሙ ማማውን ለቀቀ፣ ማማው ካርዱን ጠራ፣ ካርዱ ስልኩን ቀሰቀሰ፣ ስልኩም ደወለ። ከሰልፉ መሀል አንዲት ሴት ቀስ ብላ "ለእኔም ትንሿን" አለች።

ስልኩን ያነሳችው የስንዱ አማት ናት። "ትርንጎ እህቴ፣ ቆይ... ቆይ ብቻ።"

ከዚያ ዝም። አንድ ደቂቃ ሄደ፤ ሁለት፤ አምስት። እትዬ ትርንጎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች።

እልል!

እልል!

እልል!

አራተኛውን ጠበቀች፣ አልመጣም። በምትኩ አንዲት ጨቅላ አለቀሰች፤ ከዚያም የስንዱ የደከመ ድምፅ "እማዬ፣ አለሁ" አለ።

 እትዬ ትርንጎ የቀራትን ደቂቃ ሁሉ በእንባ ጨረሰችው፤ አንዲትም አልተረፈች።