ስድስት ሊትር ቤንዚንና አንድ የክርስትና አባት

በአንድ ወቅት፣ ቤንዚን ከማር በተወደደበት፣ ሰው ሲገናኝ ከጤና ሰላምታ ቀጥሎ «ቦቴ ገብቷል?» እያለ በሚጠያየቅበት ዘመን፣ ዋርካ በር በምትባል ትንሽ ከተማ ይርዳው የሚባል ሞተረኛ ነበር። ይርዳው አርባ ቀን ሊሞላው አንድ ቀን የቀረው ወንድ ልጅ አለው። ልጁ በማግስቱ ክርስትና ይነሣል፤ ለዚያ ደግሞ የክርስትና አባት ያስፈልገዋል። የክርስትና አባት አንድ ነው። ይርዳው ግን ሦስት ሰው ነበረበት፤ ሦስቱም የሚገባቸው፣ ሦስቱም በክፉ ቀን የደረሱለት። ነገሩ እንዲህ ነው።

ይርዳው ሞተሩን የሚነዳው ነዳጅ ከሰማይ እንደሚዘንብለት ሰው ነበር። ዳቦ ቤቱ ከቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፤ በሞተር ነው የሚሄደው። ከወዳጅ ጋር ቆሞ ግማሽ ሰዓት ሲያወራ ሞተሩ አይጠፋም፣ ይንደቀደቃል። በጥር ጓደኛው ሲሞሸር አጃቢ ሆኖ ወጣና አደባባዩን ሰባት ጊዜ እየዞረ ክላክሱን ሲነፋ ዋለ። ሚስቱ አስናቁ ወሯ ገብቶ ስለነበር ቤንዚኑን ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጥ ለምናው ነበር። እሱ ግን ደስታ በሊትር አይለካም ብሏት ወጣ። ምጧ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መጣ።

የጤና ኬላዋ አዋላጅ ሆዷን ዳስሳ ፊቷ ተለወጠ። ጽንሱ ተጋድሟል፣ እዚህ የሚሆን ነገር የለም፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ሆስፒታል ካልደረሰች እናቲቱም ልጁም አይተርፉም አለች። ሆስፒታሉ ያለው ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። አምቡላንሱ ነዳጅ አጥቶ ከቆመ ሁለት ሳምንቱ ነበር፤ በላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን የሚቸረችሩት የጓሮ ነጋዴዎችም ባዷቸውን ናቸው። ይርዳው የሞተሩን ታንከር ከፍቶ ቢያይ ሽታው ብቻ ቀርቷል። በከተማዋ የምትንቀሳቀስ መኪና አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የገበሬዎች ማኅበሩ አሮጌ ፒካፕ ናት።

የማኅበሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ ጋሽ ምህረቴ ይባላሉ፤ ከተማው ግን ከኋላቸው «ጋሽ የለም» ይላቸዋል። ዘር መጫኑ፣ መድኃኒት ማምጣቱ፣ ደብዳቤ ማድረሱ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ጉዞ ካልሆነ በቀር የፒካፗን ቁልፍ ከኪሳቸው አያወጡም። ሊቀ መንበሩን ሳይቀር ስብሰባ በእግሩ ሰድደውታል። ይርዳው ለዚያው ሠርግ ሦስት ሊትር ብቻ ቢለምናቸው «የለም» ብለው መለሱት፤ እሱም ሲሞቱ ይዘውት ይቀበሩ ብሎ እየተሳደበ ወጥቷል። በዚያ ማለዳም የለም መባልን እየጠበቀ ነበር የሄደው። ጋሽ ምህረቴ ግን ነገሩን ሰምተው ወደ ውስጥ ገቡና ስድስት ሊትር ቤንዚን ከቁልፉ ጋር ይዘው ወጡ። «ያለው ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ እውነትም የለም» አሉት። ያለ ኮሚቴው ፈቃድ አንዲት ጠብታ እንዳትወጣ የሚለው ደብዳቤ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። በሦስተኛው ሳምንት ኮሚቴው ተሰብስቦ ለዐሥራ አንድ ዓመት የያዙትን ቁልፍ ተቀብሎ ከሥራ አሰናበታቸው።

የፒካፗ ሹፌር ሸዋረጋ ነው፤ እሱም ቅጽል ስም አላጣም፣ ኤሊው ይሉታል። ሩቅ ያለች ላም መንገድ ልትሻገር መሆኗን ካየ ገና ከወዲያ ማዶ እግሩን ከነዳጁ ያነሣል እንጂ ሄዶ ሄዶ አፍንጫዋ ሥር ፍሬን አይረግጥም። አብሮት የሄደ ሁሉ አንዴ አንቀላፍቶ ሲነቃ ያው ዛፍ ሥር ነን እንዴ እያለ ይቀልድበታል። በዚያ ቀን ሸዋረጋ ሲመጣ አስናቁ ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ በዙሪያዋ ዐሥራ አንድ ዘመድ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ይዞ ተሳፍሯል። ታማሚ ብቻውን አይሄድም፤ የአገሩ ወግ ነው። ሸዋረጋ ወጉን አልሰማ አለ። «ነዳጁ ስድስት ሊትር ነው። ወይ ዘመድ ወይ አስናቁ፣ አንዱን ምረጡ» አላቸው። የይርዳው እናት ሳይቀሩ እየረገሙት ወረዱ፤ አዋላጇና ይርዳው ብቻ ቀሩ። ከዚያም አስናቁ እያማጠች ሸዋረጋ ጎንበስ ብሎ የተኛውን ጎማ በእግር ፓምፕ ሞላ፣ ከላይ ያለውን የብረት ዕቃ መጫኛ፣ ፖርታመጋላውን፣ መኪናዋ ትቅለል ብሎ ፈትቶ ጣለ። ይርዳው በንዴት ሊፈነዳ ደረሰ።

መንገድ ላይም የባሰ ሆነ። ሸዋረጋ ፍጥነቱን ከሃምሳ ፈቅ አላደርግም አለ፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹ እንደገባ እግሩን ብቻ ያነሣል፣ ዳገት ሲመጣ ሳይጣደፍ ይወጣል። ከኋላ የአስናቁ ጩኸት ይሰማል። ይርዳው ለመነ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ትከሻውን በቡጢ መታው። ሸዋረጋ ሁለት እጁን ከመሪው አላነሣም፤ እግሩም ቅንጣት ያህል አልከበደም። «ከፈጠንኩ ሜዳው ላይ እንቀራለን» አለው ብቻ። ሜዳው ገለባ ሜዳ የሚባለው ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ቤት የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ሰው አይታይበትም። ፒካፗ ገለባ ሜዳን ጨርሳ፣ ጉልት ከምትባለው መንደር የመጀመሪያ ቤት ፊት ለፊት ስትደርስ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለችና ቀጥ አለች። ሆስፒታሉ ሰባት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ ሰዓቱም ሦስት ሰዓት አልፏል።

ያ ቤት የልብስ ሰፊው የአቶ ላቀው ነው፤ ጎረቤት «ድንግዝግዝ» ይላቸዋል። መብራት ያልደረሰበት መንደር ስለሆነ ትንሽ ጄኔሬተር ገዝተዋል፤ ግን በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አያስነሷትም። ካውያው፣ የስልኩ ቻርጅ፣ የልጆቹ ጥናት ሁሉ ለዚያች ሰዓት ይጠራቀማል፤ ሲያልቅ ድርግም ነው። አንድ አምፖል ለሁለት ክፍል እንዲያበራ ግድግዳውን ከላይ ሸንቁረውታል። ባለቤታቸው ሽንብራ ሳትዘፈዝፍ ከጣደች ወይም ድስት ሳትከድን ከሄደች የዕለቱ ጠብ ተጀመረ ማለት ነው። በዚህ ኑሮ በሳምንት አንድ ሲኒ፣ ሁለት ሲኒ እያጠራቀሙ አምስት ሊትር ቤንዚን በጀሪካን ሞልተዋል፤ ዐሥር ቀን ለቀረው ለልጃቸው ሠርግ ነው። ያን ምሽት እንኳ ድንኳኑ ቦግ ይበል፣ ዘፈኑም ይሰማ ብለው ነበር።

አቶ ላቀው ወጥተው ፒካፗ ላይ የተኛችውን ሴት አዩ። ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች አልጠየቁም። ጀሪካኑን ይዘው ሲወጡ ልጃቸው በር ላይ ቆማ «አባዬ፣ የኔ ሠርግስ?» አለቻቸው። «አንቺ በቀን ትዳሪያለሽ» አሏትና ለሸዋረጋ አቀበሉት። ልጅቷም በቀን ተዳረች። እንግዳው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደ እድርተኛ ተበተነ፣ ዘፈን አልነበረም፣ ድንግዝግዝ ልጁን ያለ መብራት ዳረ ተብሎም ተሳቀባቸው። ልጅቷ እስካሁን ቅር እንዳላት ናት፤ ምላሽ ስትጠራ እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የበላችው ይባላል።

አስናቁ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሰች። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት እሷም ልጁም ተረፉ።

እንግዲህ በክርስትናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ይርዳው ቤት ተሰብስቦ መፍረድ ጀመረ። ግማሹ ጋሽ ምህረቴ ናቸው አለ፤ መጀመሪያ ስድስቱ ሊትር ባይኖር የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ሰው ሁሉ ሲጠላቸው ያቆዩት ነዳጅ ነው፣ እንጀራቸውንም የከፈሉት ለዚያ ነው። ሌላው ግን እሳቸው ያቆዩት ለአስናቁ ብለው ነው እንዴ፣ መከልከል ልማዳቸው ሆኖ ነው፣ ደግሞም የራሳቸው ሀብት አይደለም አለ። አንዷ አሮጊት ታዲያ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ማቆየት አይበልጥም ወይ ብላ አፉን አስያዘችው።

የሸዋረጋ ወገኖች ደግሞ ስድስት ሊትር ለማንም ቢሰጥ ምን ይፈይዳል አሉ። ያችኑ ስድስት ሊትር ይርዳው ይዟት ቢሆን ገለባ ሜዳ መሀል ላይ አራግፏት ሚስቱን ለአሞራ ይተዋት ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለም? ይርዳው ይህን ሲሰማ አቀረቀረ፤ እውነት ስለሆነ። የሚቃወሙት መንዳት ሥራው ነው፣ ለሥራው ደመወዝ ይበላል አሉ። ለቡጢው ካሣ ይሆነው ዘንድ ይሾም ያለም አልጠፋ፤ ነገር ግን የልጅ ክርስትና የካሣ ዕቃ አይደለም ብለው ዝም አሰኙት።

ሦስተኞቹ፣ የአቶ ላቀው ጠበቆች፣ ከሁሉ ጮክ ብለው ተናገሩ። ጋሽ ምህረቴ የማኅበሩን ሰጡ፣ ሸዋረጋ እውቀቱን ሰጠ፣ ከጉሮሮው ነጥቆ የሰጠ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ያውም ለማያውቁት ሰው። ሰባት ኪሎ ሜትር እኮ በቃሬዛም ይደረሳል የሚል ተነሣ። ይህን ጊዜ ጥግ ተቀምጣ የነበረችው አዋላጅ ተነሥታ፣ በቃሬዛ ሁለት ሰዓት ነው፣ አስናቁ ግን የነበራት አንድ ሰዓት አይሞላም ነበር ብላ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ሦስቱም ይሁኑ ቢሉ፣ ቄሱ ሕፃኑን ከመጠመቂያው የሚቀበል ሰው አንድ ነው ብለው ላኩባቸው።

ሰው ሲበተን ይርዳው ለአስናቁ እስካሁን የማንን ውለታ የበለጠ እንደሚመዝን እንደጠፋው ነገራት። አስናቁ ልጁን እያጠባች ሰማችውና «አንተ የምትመዝነው ውለታውን ነው» አለችው። «ልጅ በክርስትና አባቱ ይወጣል ይላሉ። ይልቅ የማን ጠባይ እንዲወጣበት እንደምትፈልግ ንገረኝ።»

ይርዳው ይህን አላሰበበትም ነበር። ልጁ ጋሽ ምህረቴን ቢወጣ ቤቱ በክፉ ቀን አይጎድልበትም፤ ግን በደጉ ቀን ሁሉ የሰው ፊት ይጠቁርበታል። ሸዋረጋን ቢወጣ ተመቶም የማይናወጥ ሰው ይሆናል፤ ግን ሲያምጡ እየሰማ እግሩ የማይከብድ ልብ ይኖረዋል፣ ይህም ያስፈራል። አቶ ላቀውን ቢወጣ ለባዕድ እንኳ የሚደርስ ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን የገዛ ልጁ በር ላይ ቆማ የኔስ ብላ ትጠይቀዋለች። ከሁሉ ያሳፈረው ደግሞ ልጁ የእሱን የአባቱን ጠባይ እንዳይወርስ መፈለጉን ማወቁ ነው። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግስቱ ማለዳ ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን መጡ። ጋሽ ምህረቴ ከዋንዛው ሥር፣ ሸዋረጋ ከበሩ አጠገብ፣ አቶ ላቀው ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚሆን መንገድ የእህል መኪና ለምነው ተሳፍረው መጥተው ከአጥሩ ዳር ቆመዋል። ማንም ተጠርቼ ነው አላለም፣ ማንም ይገባኛል አላለም። ሕፃኑ ተጠምቆ ሲያለቅስ ቄሱ ከፍ አድርገው ያዙትና «የክርስትና አባቱ ማነው? ቀርቦ ይቀበል» አሉ። ይርዳው ዞሮ ሦስቱን አያቸው።

የራሱ ያልሆነውን ቆጥቦ እንጀራውን ያጣው፣ እየተመታ ያልቸኮለው፣ ለልጁ ያጠራቀመውን ለሰው ልጅ ያፈሰሰው፤ እናንተ በይርዳው ቦታ ብትሆኑ የማንን ስም ትጠሩ ነበር?