የወለተ ሐና ማተብና የአሻንጉሊቶቹ አንገት

የአምላክ እናት እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ የእጇን ሥራ በየዕለቱ ለእርሷ አደራ ትሰጥ ለነበረች ለአንዲት መበለት ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን አዘንብላችሁ ስሙ። ነገሩ የልጆች መጫወቻ ነገር ነውና ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከአባቶች በሰማሁ ጊዜ ብዙ ጠይቄያለሁ፣ እስከ ዛሬም ያልተመለሰልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱንም በቦታው እነግራችኋለሁ።

በደብረ ወይራ አገር ወለተ ሐና የምትባል መበለት ነበረች። ባሏ እንጨት ጠራቢ ነበርና ባረፈ ጊዜ መጥረቢያውን ዘመዶቹ ወሰዱት፤ ለእርሷም ወስፌ፣ ትንሽ ሞረድና የሙጫ ገል ቀረላት። ልጅ አልነበራትም። በእነዚህም ዕቃዎች የአሮጌ አሻንጉሊቶችን ስብራት ትጠግን ጀመር፤ ከቅድመ አያት ለአያት፣ ከአያት ለእናት ሲወርዱ የኖሩትን፣ ከወይራ ተጠርበው ቆዳ የለበሱትን አሻንጉሊቶች፣ አንድ እግሩ የጎደለውን የእንጨት ፈረስ፣ ጭራውን አይጥ የበላውን የገለባ ዶሮ ሁሉ ያመጡላት ነበር። በየማለዳውም ወስፌዋን ሳታነሣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ትደግምና «እመቤቴ ሆይ፣ ልጅ አሳድገሻልና የልጅ ነገር ታውቂያለሽ፤ እጄን ምሪ» ትል ነበር፤ ከዚያም ከሥራዋ ሁሉ አስቀድማ የአንድ ወላጅ አልባ ሕፃን መጫወቻ በእመቤታችን ስም ትጠግን ነበር፤ ስእለቷም ይህ ነበር።

የአሠራሯ ነገር ይገርማል። አሻንጉሊት ሲመጣላት ማን እንደ ሰበረው አትጠይቅም፤ «ይህ ማንን አስቆ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች እንጂ። ከሆዱ የወጣውን አሮጌ ጥጥ አትጥልም፤ አጥባ በፀሐይ ታሰጣውና መልሳ ትከተዋለች። ልጆች ሲስሙት ኖረው የለሰለሰውን ጉንጭ ቀለም አትቀባውም፤ «እዚህ ላይማ ሥራው አልቋል» ትላለች። አሻንጉሊት ሁሉ የሚሰበረው ደግሞ አንገቱ ላይ ነው፤ ልጆች አንገቱን ይዘው ይጎትቱታልና። እርሷም የተሰበረውን አንገት በሙጫ ታያይዝና በክር ሦስት ጊዜ ጠምጥማ በራሷ ቋጠሮ ትቋጥረው ነበር፤ ቋጠሮውም እንደ ስንዴ ቅንጣት ትንሽ ሆኖ መሐሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ሌላ ሰው ሊያስረው ቢሞክር አይሆንለትም። ክሩን ግን ማተብ ከሚገምዱ አንዲት መነኩሲት ቤት ቁርጥራጩን ለምና ታመጣ ነበርና ጥቁር ሐር ነበር።

መከራዋም የመጣው ከዚህ ነው። በወርኃ ጽጌ፣ በአንዲት ሰንበት፣ ትርንጎ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ የቅድመ አያቷን አሻንጉሊት ታቅፋ አስቀደሰችና መስቀል ሊሳለሙ ከቆሙት ጋር ተሰለፈች። የሚያሳልሙት የደብሩ አለቃ መልአከ ሰላም ዕንቈ ባሕርይ ነበሩ፤ እኚህ አባት መጽሐፍ ያወቁ፣ በጾም የጸኑ ነበሩ፣ ዓይናቸው ግን ደክሞ ነበር፣ ቍጣም ይቀድማቸው ነበር። ልጅቱን አሳለሙና ቀጥሎ የቀረበላቸውን ትንሽ ግንባር በመስቀሉ ባርከው «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» አሉ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አለቃውም በእጃቸው ዳስሰው እንጨት መሆኑን ባወቁ ጊዜ ክው አሉ።

«ምንድን ናት ይህች?»

«ልጄ ናት፣ አባ። እርሷም ክርስቲያን ናት፤ ማተብ አላት» አለች ትርንጎ።

«ማን አሰረላት?»

«እማማ ወለተ ሐና።»

ከነገሩ ይልቅ ሳቁ አቃጥሏቸው እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኔ ግን ይመስለኛል። በዚያው በዐውደ ምሕረቱ ላይ መበለቲቱን አስጠርተው «አንቺ ሴት፣ እንጨት ታጠምቂያለሽን?» አሏት። እርሷም «አባቴ፣ ማተብ አይደለም፤ አንገቱ እንዳይወድቅ የታሰረ ክር ነው» ብትል አልሰሟትም። ከዚያም «በቍስቋም በዓል ዕለት የጠገንሻቸውን ሁሉ ከየቤቱ ሰብስበሽ አምጪና በሕዝብ ፊት በገዛ እጅሽ ክሩን ቍረጪ፤ እምቢ ያልሽ እንደ ሆነ ከቤተ ክርስቲያን የተለየሽ ሁኚ» ብለው ፈረዱባት፤ መነኩሲቲቱንም ክር እንዳይሰጧት ከለከሉ።

ወለተ ሐና ቤቷ ገብታ አለቀሰች። ክሩን ብትቆርጥ አርባ አንገት ይወድቃል፣ አርባ ልጅም ያለቅሳል፤ ባትቆርጥ ከቅዱስ ቍርባን ትለያለች፣ በሞተችም ጊዜ ከባሏ አጠገብ አትቀበርም። ጨነቃትና ከየቤቱ የሰበሰበቻቸውን አሻንጉሊቶች በግድግዳው ሥር ደርድራ ስታያቸው ሰነበተች።

በበዓሉም ዋዜማ፣ ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ፣ አንዲት ወጣት እናት መጥታ ከደጇ ቆመች። እግሯ አቧራ ለብሷል፣ ልብሷም የመንገደኛ ልብስ ነበር። ከመቀነቷም ፈትታ አንገቷ የተሰበረ ትንሽ የእንጨት አህያ አወጣች።

«ይህች ማንን አስቃ ነበር፣ ልጄ?» አለች ወለተ ሐና እንደ ልማዷ።

«ልጄን። በስደት ሳለን፣ ውኃ ባጣንበት ቀን፣ ይህችን ይዞ ሳቀልኝ። ስንሸሽ ከእጁ ወድቃ ተሰበረች፤ እስከ ዛሬ ግን አስቀምጫታለሁ።»

«አሁን አድጎልሻል?»

«አድጓል፣ እማማ» አለችና ፈገግ አለች።

ወለተ ሐና እንጨቱን አገላብጣ አየችና አሸተተችው፤ የባሏን እንጨቶች ሁሉ ታውቃለች፣ ይህ ግን ወይራም ዋንዛም ዝግባም አልነበረም። ሙጫውን አድርጋ ክር ብትፈልግ አንድም ቁርጥራጭ አልተረፋትም። ሌላ ቀን ነይ እንዳትላት ደግሞ መንገደኛ ናት። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና ከክርስትናዋ ቀን ጀምሮ ያልተለያትን ማተብ ያዘች። ከዚያም ፈታችውና በአህያዪቱ አንገት ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረችው፤ እንግዳይቱም አጠገቧ ቆማ የመበለቲቱን እጅ አተኵራ ትመለከት ነበር።

«እማማ፣ አንገትዎ ባዶ ቀረ እኮ።»

«የምታውቀኝ እመቤቴ ያለ ማተብም ታውቀኛለች» አለች ወለተ ሐና። እንግዳይቱም «ሙጫው ይድረቅ፤ ነገ እወስዳታለሁ» ብላ ሄደች።

በማግሥቱም መበለቲቱ አሻንጉሊቶቹንም የእንግዳይቱንም አህያ በቅርጫት አድርጋ ወደ ዐውደ ምሕረት በመጣች ጊዜ ሕዝቡ ባዶ አንገቷን አየና «ማተቧን በጥሳለች!» ብሎ ጮኸ። አለቃውም «ማተብሽ የት አለ?» ቢሏት አህያዪቱን አሳየቻቸው።

«የእንግዳ ልጅ መጫወቻ ናት፣ አባቴ። ክር አጥቼ ነው።»

«ቍረጪ።»

«እጄ እሺ አይለኝም። የፈለጉትን ይፍረዱብኝ።»

ያን ጊዜ አለቃው ራሳቸው ካራ አነሡ። አስቀድመው የትርንጎን አሻንጉሊት ክር ቆረጡ፤ ራሷም ተገንጥላ በደረጃው ላይ ተንከባለለች፣ ትርንጎም እሪ አለች። አለቃውም መበለቲቱ እውነቷን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ሳይገባቸው አልቀረም፣ ነገር ግን በሕዝብ ፊት የተናገሩትን ማጠፍ ከበዳቸው። ከዚያም አህያዪቱን አንሥተው ማተቡን ቆረጡ። ክሩ ወደቀ፤ አንገቷ ግን አልወደቀም። ቢዳስሱት ስብራትም ሙጫም የለበትም፤ እንጨቱም ከዛፉ ዛሬ የተቆረጠ ያህል እርጥብ ነበር፣ የአበባ ሽታም ዐውደ ምሕረቱን መላው። እየተደነቁም ሳሉ አህያዪቱን ከመዳፋቸው አጧት፤ ክሩንም ከወደቀበት ቢፈልጉት አላገኙትም።

ትርንጎም እንባዋን እየጠረገች «እማማ፣ አንቺም ተሰብረሽ ነበር እንዴ?» አለችና ወደ መበለቲቱ ማጅራት ጠቆመች። አለቃው ቀረብ ብለው በደከመ ዓይናቸው ጎንበስ አሉ። በወለተ ሐና አንገት ላይ ጥቁር ሐር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ፣ እንደ ስንዴ ቅንጣት ሆኖ መሐሉ በተሰነጠቀ ቋጠሮ ታስሮ ነበር። እርሷም በጣቷ ዳሰሰችው።

«ቋጠሮው የእኔ ነው፤ ያሰርሁት ግን እኔ አይደለሁም» አለች። ከዚያም «ለካ ቆማ ታየኝ የነበረው ቋጠሮዬን ልትማር ነው… ወይኔ! ልጄ ብዬ ጠራኋት!» ብላ በምድር ላይ ተደፋች።

ሕዝቡም እልል አለ። አለቃው ግን በደረጃው ላይ ተንበርክከው የአሻንጉሊቷን ራስ በዳበሳ ፈልገው አገኙና «ወለተ ሐና፣ ይቅር በዪኝ። ይህችን እኔ ሰብሬያታለሁ፤ እኔ ልያዛት፣ አንቺ እሰሪያት» አሉ፤ ከካባቸውም ዘርፍ ክር መዝዘው ሰጧት። እርሷም ክሩን ተቀበለችና እንደ ልማዷ «ይህች ማንን አስቃ ነበር፣ አባቴ?» አለቻቸው።

«በእኔ ላይ አገሩን ሁሉ» አሉና ራሳቸው ሳቁ፤ ከዚያም አለቀሱ። ራሷ እስክትጸናም ድረስ በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ቆዩ።

ያ እንጨት የምን እንጨት ነበር? ይህ ነው ያልተመለሰልኝ ጥያቄ። ጠራቢዎችን ጠየቅሁ፣ ከሩቅ አገር ተሳልመው የመጡትን ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እናንት የሰማችሁ ሁሉ፣ ልጇን በስደቱ ያሳቀችውን ትንሽ አህያ ያልረሳች እመቤት እናንተንም አትርሳችሁ፤ የተሰበረውን አንገታችሁን በእጇ ትሰር፣ የሳቃችሁበትንም ያለቀሳችሁበትንም ታስብላችሁ። ይህን ለጻፈ፣ ላነበበና በእምነት ለሰማ ምልጃዋ ይድረሰው፤ ከልጇ ከወዳጇ መንግሥት ታግባን፣ ለዘለዓለሙ አሜን።