እስከ ወንዙ

ፊታውራሪ ወንድይራድ አውራጃ ሲገዙ፣ ሸንጎው ውስጥ ለድሃ እንቆማለን የሚሉ ሰዎች ነበሩ አሉ። እነሱም «ድሃ ሲታመም የመንግሥት ተሸካሚ በቃሬዛ ከቤቱ አንሥቶ ከተማው ሐኪም ቤት ያድርሰው» የሚል ሕግ አመጡ። ባለርስቶቹ አሻፈረን አሉ። ፊታውራሪ መሸምገል ይወዱ ነበርና መካከለኛውን መንገድ አገኙ፤ መካከሉም በከተማው መንገድ አጋማሽ ላይ ያለው ወንዝ ነበር። ተሸካሚዎቹ በሽተኛውን ወንዙ ዳር አድርሰው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።

ለድሃ የቆሙት እንቀበል አንቀበል እያሉ ሲያመነቱ ዋሉ። ያለ እነሱ ድምፅ ደግሞ ሕጉ አይጸድቅም። በመጨረሻ «ቃሬዛ ሲሸከም የኖረ ሰው ይጠየቅ፤ እሱ ያለውን እንላለን» አሉ። በምላሱ የታወቀ አንድ ገበሬ ተጠራ።

ፊታውራሪ ይህን ምላስ የሚያስሩበት ቀን በመምጣቱ ደስ አላቸው። «ስማ! ይቅር ካልህ ድሃው በአንተ ምክንያት ግማሹንም አጣ። ይሁን ካልህ ደግሞ ከእንግዲህ ስለ በሽተኛ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። የቱን ትላለህ?»

ገበሬው እጅ ነሣ። «ይሁን ጌታዬ፣ ምን ከፋኝ።»

ፊታውራሪ ወደ ሸንጎው ዞረው ፈገግ አሉ።

«አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅና አፌን እዘጋለሁ» አለ ገበሬው። «በእኛ አገር ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ከመንገድ የሚመለሰው በሽተኛው የሞተበት እንደሆነ ብቻ ነው። እንግዲህ ወንዙ ዳር ደርሰን ሳይሞት ቢቆየን፣ ምን እንድናደርገው ያዝዙናል?»