የፋንታዬ ትከሻ

አንዲት ሴት ነበረች። ድምፅ ነበራት። ድምፅ ስላችሁ ዝም ብሎ የሚያምር ድምፅ አይደለም፤ ሰው ገና ከደጅ ሲሰማው ወሬውን የሚያቋርጥለት ድምፅ ነው። ስሟ ፋንታዬ ይባላል። ሶዶ ከተማ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋር ታገለግል ነበር።

ታዲያ ይህቺ ሴት የት ትቆም እንደነበር ታውቃላችሁ? ከኋላ። መጨረሻው ረድፍ፣ ጥግ ላይ። አጭር ናት እኮ። አጭር ሰው ከፊት ነው የሚቆመው። ፋንታዬ ግን ከረጃጅሞቹ ወንዶች ጀርባ ተሸሽጋ ትዘምራለች። ድምፁ ይሰማል፣ ባለቤቱ አትታይም።

ለምን? ልንገራችሁ፣ አትደንግጡ። የፋንታዬ ጡት ትልቅ ነበር።

አያችሁ፣ ገና ቃሉን ስጠራው ወንድሞች ወለሉን ማየት ጀመራችሁ። ወለሉ ላይ ምንም የለም፤ ትናንት ተወልውሏል። ጡት ሳይጠባ ያደገ ሰው እዚህ ቤት ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? እንግዲያው አብረን እንስማ።

ነገሩ የጀመረው በልጅነቷ ነው። ሰውነቷ ከእኩዮቿ ቀድሞ አደገ። እናቷ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ሰፈሩን ግን ይፈሩ ነበር። መቀነት አምጥተው ደረቷን ጥፍንግ አድርገው አሰሩላት። "ሰው እንዳያይሽ" አሏት። ልጅቷም ሰው እንዳያያት ትከሻዋን ወደ ፊት አጠፈች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ መሄድ ተማረች። መቀነቱ ከተፈታ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ጉብጠቱ ግን አልተፈታም።

ካደገች በኋላ ጡት ማስያዣ የምትገዛው ከገበያ ነበር። እናንተ እህቶች ታውቁታላችሁ። ሸራ ላይ ተከምሮ፣ ሻጩ ጎረምሳ፣ አንዱን በጣቱ አንጠልጥሎ "ትልቅ ቁጥር አለ፣ ትልቅ ቁጥር" እያለ ገበያውን ሁሉ የሚጠራበት። ማን ደፍሮ ይለካል? ማንስ "ይሄ ይሆነኛል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል? ፋንታዬ ዐይኗን ጨፍና ትልቁን ቁጥር ታነሳለች፣ ነጠላዋ ሥር ትወሽቃለች፣ ዞር ሳትል ትሄዳለች።

ቤት ስትደርስ ዙሪያው ሰፊ፣ ፊቱ ጠባብ ይሆንባታል። ጀርባዋ ላይ ሽቅብ ይሸሻል። ፊቱ እንዳይወርድ ማንገቻውን ታሳጥረዋለች። አሁንም አልያዘም። ስለዚህ በላዩ ላይ ሌላ ትደርባለች። አዎ፣ ሁለት። ዛሬም ሁለት ደርባችሁ የመጣችሁ እዚህ አላችሁ፤ ጣቴን አልቀስርም።

እንግዲህ ያ ሁሉ ክብደት የተንጠለጠለው በምን ላይ ነው? በቀጫጭን ማንገቻ። ማንገቻዎቹ ትከሻዋን ቆፍረው ቦይ ሠርተውበት ነበር። ራሷን ያማታል፣ ጀርባዋን ይወጋታል፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ያጥራል። ለማን ትናገር? ለባሏ ለመርጊያ እንኳ አልነገረችውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ ዝም አይነቅዝም፤ ትከሻ ግን ይነቅዛል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ፋንታዬን የማያመሰግን ሰው አልነበረም። ምን እያሉ? "እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ አንገቷን የደፋች" እያሉ። ሽማግሌዎቹ ሴት ልጆቻቸውን "እንደ ፋንታዬ ሁኑ" ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ስለ ትሕትና ሲያስተምር፣ ወደ ኋላው ረድፍ አመልክቶ "ትሕትና ማየት የሚፈልግ ይህቺን እህት ይመልከት" አለ። ጉባኤው አሜን አለ። በዚያች ሰዓት ማንገቻው ትከሻዋን እየቆረጣት ነበር። ሕመሟን ነው አሜን ያሉት፣ ወገኖቼ። ሕመሟን ትሕትና ብለው ስም አወጡለት።

ከዚያ አዲሱ ጸሎት ቤት ተሠርቶ አለቀና ሊመረቅ ሆነ። ለምርቃቱ የተመረጠው መዝሙር የፋንታዬ ነው፤ ቃሉም ዜማውም ከእርሷ የወጣ፣ ልጇን በቀበረችበት ዓመት የሠራችው። መሪ ድምፁንም እርሷ እንድትይዝ ተወሰነ። መዝሙሩ አንድ ቦታ ላይ ከፍ ብሎ ረጅም ይሄዳል፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። በልምምዱ ፋንታዬ እዚያ ስትደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ደገሙት፤ ተቆረጠ። ውኃ ጠጥታ ሞከረችው፤ ያው ነው።

የመዘምራኑ መሪ ወንድም ታረቀኝ ደግ ሰው ነው፣ ለክፋት አይደለም። "እህት ፋንታዬ፣ ከከበደሽ ለጽጌ እንስጣት?" አላት። ጽጌ ወጣት ናት፣ ድምጿም ደህና ነው፤ ግን ያንን ልጅ አልቀበረችም።

ፋንታዬ ምን አለች? "ይሁን" አለች። ልጇን የቀበረችበትን መዝሙር "ይሁን" ብላ ሰጠች፣ ሰጥታም ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ሰዉም "አይ ትሕትና" ብሎ አደነቀ።

አንድ ሰው ብቻ አላደነቁም። እትዬ ባዩሽ ናቸው። ከመዘምራኑ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሰፋ ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲመጡ ደረታቸው ቀድሟቸው ይደርሳል፣ ደግሞም አያፍሩበትም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ፋንታዬ የዝማሬ ልብሷን ስታወልቅ ከኋላዋ ነበሩ። ትከሻዋን አዩት። ጣታቸውን አንስተው ቦዩ ላይ አሳረፉ። ፋንታዬ ደንግጣ ነጠላዋን ፈለገች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሏት።

"ምንም አይደል፣ እትዬ። ለምጄዋለሁ።"

"አህያም ገጣባዋን ትለምደዋለች" አሉ እትዬ ባዩሽ። "አንቺ ግን መዝሙር አለሽ፣ ልጄ።"

በዚያው ሳምንት ሐዋሳ ይዘዋት ሄዱ። እርሳቸውን ከዓመታት በፊት ሴት ልጃቸው የወሰደቻቸው አንድ የሴቶች ልብስ ቤት አለ፤ ሻጯ ሴት የሆነች፣ መጋረጃ ያለው መለኪያ ክፍል ያለው። ፋንታዬ መንገዱን ሙሉ "ይቅርብኝ" እያለች ሄደች። እትዬ ባዩሽም መንገዱን ሙሉ እንዳልሰማ ሆኑ።

ሻጯ ሜትር አመጣች። ከጡቷ ሥር ዙሪያዋን ጠበቅ አድርጋ ለካች፣ ከዚያ በጡቷ ላይ አዙራ ለካች። ያመጣችላት ቁጥር ፋንታዬ ከምታደርገው በብዙ ያነሰ ነው። ፋንታዬ "ተሳስተሻል፣ እኔ ትልቅ ነኝ" አለቻት። ሻጯ ፈገግ ብላ፣ ቁጥሩ የደረቷ ዙሪያ እንጂ የጡቷ እንዳልሆነ፣ የጡቱ መጠን የሚታወቀው ከቁጥሩ ጎን ባለው ፊደል እንደሆነ አስረዳቻት። ለካስ ፋንታዬ ያን ሁሉ ዘመን ትልቅ ቁጥር ስታነሳ የምትገዛው ሰፊ ዙሪያ ነበር። ሰፊ ዙሪያ ደግሞ አይሸከምም፣ ይሸሻል።

የመጀመሪያው ከላይ ፈሰሰባት። ሌላው ብብቷ ሥር ወጋት። ተስፋ ቆርጣ ልብሷን ልትለብስ ስትል ሻጯ አንድ ደግሞ ይዛ መጣች። ጎንበስ እንድትልና ጡቷን በእጇ ሰብስባ እንድታስገባ ነገረቻት፣ መንጠቆውን ከኋላ ያዘችላት፣ ከዚያ ቀና እንድትል ጠየቀቻት።

ፋንታዬ ቀና አለች።

እህቶቼ፣ ቀና ስትል የሆነውን ልንገራችሁ። ማንገቻው ሥር ጣቷን ሰደደች፤ ጣቷ ገባ። ክብደቱ የት ሄደ? ጠፋ? አልጠፋም። እንደነበረ አለ። አሁን ግን የሚሸከመው ዙሪያዋን የከበባት ነው። መስታወቱን አየች። አጭር ነኝ ስትል ኖራ፣ ያን ያህልም አጭር አልነበረችም። ደረቷ ከፊቷ አለ፣ ፈጣሪ ባስቀመጠው ቦታ፤ ያምራል። ለራሷ "ያምራል" ስትል የመጀመሪያዋ ነበር፣ ኩራትም ተሰማት። ትንፋሽ ሳበች፣ ትንፋሹ እስከ ታች ወረደላት። ከዚያ ሱቅ ውስጥ መሆኗን ረስታ መዝሙሯን ከዚያ ከሚቆረጥበት ቦታ አነሳችው።

አልተቆረጠም። ልብስ የሚመርጡት ሴቶች ሁሉ እጃቸው እንደያዘው ቆመ። ከመጋረጃው ውጪ የተቀመጡት እትዬ ባዩሽ አጠገባቸው ላለች ለማያውቋት ገበያተኛ "የእኛ ናት" አሏት።

እሑድ ፋንታዬ ቀና ብላ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ሰዉስ ምን አለ? እሰይ፣ እንኳን ዳንሽ አለ? የለም። "ፋንታዬ ኮራች" አለ። ያ ሲያመሰግን የነበረው አፍ ነው እኮ። "ምን አገኘሁ ብላ ነው ደረቷን ነፍታ የምትሄደው?" አለ። የአንዱ ሽማግሌ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽማ ደጅ ላይ ጠብቀው፣ በምክር ወግ እጇን ያዙና፣ "ልጄ፣ ድሮ አንገትሽን የደፋሽ ነበርሽ። ሰው ባንቺ ይማር ነበር። ምን ነካሽ?" አሏት።

አሁን ይታያችሁ። ውስጥ ታረቀኝ ከጽጌ ጋር ልምምድ ሊጀምር ነው። ፋንታዬ ትንሽ ጎንበስ ካለች ሁሉ ነገር ወደ ድሮው ይመለሳል። ምስጋናዋ ይመለሳል፣ ስሟ ይመለሳል፣ መዝሙሯ ግን ከሰው ጋር ይቀራል። ትከሻ የለመደውን ያውቃል፤ ወደ ፊት መታጠፍ ጀምሮ ነበር።

ትከሻዋን ወደ ኋላ መለሰችው።

"እትዬ ድንቅነሽ" አለቻቸው፣ "አንገቴን የደፋሁት አሞኝ ነበር። ትሕትና አልነበረም። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ እነግረው ነበር።"

ፋንታዬ እጃቸውን ስማ ገባችና ለታረቀኝ መዝሙሩን ራሷ እንደምትዘምረው ነገረችው። አልተቆጣችም፣ አልተለማመጠችም። ጽጌን አቅፋ ሁለተኛውን ድምፅ እንድትይዝላት ለመነቻት። ጽጌም ደስ አላት፤ የመዝሙሩ ክብደት አስፈርቷት ነበር።

የምርቃቱ ዕለት ፋንታዬ ከፊት ረድፍ፣ መሀል ላይ ቆመች። መዝሙሩ ከፍ ወደሚልበት ሲደርስ መርጊያ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ነበር። ድምፁ ወጣ፣ ሄደ፣ አዲሱን ጣሪያ ሞላው። መዝሙሩ ውስጥ የልጃቸው ስም የለም፤ መርጊያ ግን ሰማው። ቤቱ ሁሉ ቆመ። እትዬ ባዩሽ ደግሞ መዘመር እስኪያቅታቸው አለቀሱ፣ እያለቀሱም ዙሪያቸውን "አያችሁ?" በሚል ዐይን ይገላምጡ ነበር።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

የእናንተ ሸክም የተንጠለጠለው በምን ላይ ነው? የታመመ ባል ያላችሁ፣ ሥራ ያጣ ልጅ ያላችሁ፣ ቤት በሙሉ የሚጠብቃችሁ፣ ያንን ሁሉ በምን ይዛችሁታል? እኔ ልንገራችሁ። አንደኛው ማንገቻ "እኔ እችለዋለሁ" ይባላል። ሌላው "ሰው ምን ይለኛል" ይባላል። ሲቆርጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ታሳጥሩታላችሁ። አልያዘም? ሌላ ትደርባላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? እግዚአብሔር ለትከሻችሁ ያልሰጠውን ነው ለትከሻችሁ የሰጣችሁት። እርሱ ዙሪያ አዘጋጅቶላችኋል። እርሱ ራሱ በዙሪያችሁ ነው። እህታችሁ ዙሪያ ናት፣ ይህ ጉባኤ ዙሪያ ነው። ዙሪያው ሲጠብቅ ሸክሙ ባይቀንስም ትተነፍሳላችሁ።

ደግሞ መንፈሳዊውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱብኝ። እናቶች፣ ልጃችሁ ከእኩዮቿ ቀድማ ካደገች መቀነት አታንሱ። ይዛችኋት ሂዱ፣ ተለክታ ይገዛላት፣ "እሰይ፣ አደግሽልኝ" ትባል። አባቶች፣ ስትጠየቁ "ለምኑ ነው?" ብላችሁ አታሸማቅቋት። የልጅቷ ሰውነት ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ሲሠራት እጁ አልሳተም፤ ትልቁንም ትንሹንም አውቆ ነው የሠራው። እርሱ ሠርቶ ያላፈረበትን እኛ ምን ቤት ነንና ነው የምናፍርበት?

ትሑት ሰው መቆም ይችላል፤ ችሎ፣ ወድዶ ይንበረከካል። መቆም ያቃተውን ሰው ጎበጠ ብላችሁ ብታመሰግኑት ምስጋናው ለማን ነው?

ከዚህ ስትወጡ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ አንዲት እህት ታያላችሁ። በየጉባኤው አለች። "እንዴት ያለች ጨዋ" ልትሉ አፋችሁ ይከፈታል። ዝጉት። ጠጋ በሏትና፣ ሰው በማይሰማበት፣ እንዲህ ብላችሁ ጠይቋት፦ "እህቴ፣ አሞሽ ነው?"